የኮርቻ ሰሪው ምስክሮች

ሱቃችን በሯ አንድ፣ ሥራዋ ሁለት ነው። ስትገቡ በስተግራ የእኔ የልብስ ስፌት መኪና አለች፤ በስተቀኝ ጋሼ ቆዳቸውንና ወስፌያቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ጋሼ ኮርቻ ሰሪ ናቸው። እሳቸው ኮርቻውን ይሠራሉ፣ እኔ ከሥሩ የሚገባውን ትራስና ግላሱን እሰፋለሁ፤ ግላስ የፈረስ የክት ልብስ ነው በሉት። ዝምድና የለንም። አባቴ ከስልጤ አገር ጨርቅ ተሸክሞ ባሌ ሮቤ የገባ ነጋዴ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ አያት ቅድመ አያታቸው እዚሁ ናቸው። አባቴ ሲሞት ሱቁ ለእኔ ብቻ ሰፋና ጋሼ በግማሹ ገቡ። ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ተቀመጥን፤ ከትዳሬ ዕድሜ ይበልጣል።

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን የምናገረው ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ልቅደም ብዬ ነው። ጋሼ አይቆጡም፤ ዝም ነው የሚሉት፣ ዝምታቸው ግን ሁልጊዜ ጩኸቴን ያሸንፈዋል። ለቅዳሜ የተባለ ኮርቻ ማክሰኞ ይደርሳል፤ የየትኛው ሳምንት ማክሰኞ እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው። ደንበኛው መጥቶ ሲጮህ መልሼ የምጮኸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ቀና ይሉና፣ «ኢንተለ ቲያ፣ ሰውዬው ፈረሱን አላመጣም እኮ» ይሉኛል። ኢንተለ ቲያ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ፈረሱን ሳያዩ፣ ጀርባውን በእጃቸው ሳይዳስሱ ኮርቻ አይጨርሱም። «አንቺ እግሩን ላላየሽው ሰው ጫማ ትገዢለታለሽ?» ይላሉ።

ችግሩ ፈረሱ መምጣት ማቆሙ ነበር። ሮቤን ባጃጅ ሞላት። ጋሪዎቹ ዛሬም አሉ፣ ግን ቁጥራቸው እንደ ድሮው አይደለም። ከገሰራ በኩል ኮርቻ ሊያሳድስ ይመጣ የነበረው ገበሬ ስንዴውን ሸጦ ሞተር ሳይክል ገዛ። እኔ አንድ ሰሞን ለሞተር ሳይክል መቀመጫ ባለ ዘርፍ ልብስ መስፋት ጀምሬ ነበር፤ ጋሼ ሦስት ቀን አላናገሩኝምና ተውኩት።

አዳማ የሚኖር አንድ ልጅ አላቸው። ሰው የሚመኘው ዓይነት ልጅ ነው፤ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ከሶላት በኋላ ይደውላል። «አባ፣ ይብቃዎት፣ ከእኔ ጋር ይኑሩ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ጋሼ «ሥራ አለብኝ» እያሉ ይመልሱት ነበር። በዚያ ክረምት ግን ሥራ አለብኝ ማለት ውሸት ሆነባቸው፤ እሳቸው ደግሞ አይዋሹም። «እንግዲያው ኮምባይነሮቹ ስንዴውን አጭደው ሲወጡ መጥቼ እወስድዎታለሁ» አላቸው። «እሺ» አሉት። ስልኩን ዘግተው ወስፌያቸውን አነሱና ምንም ሳይወጉበት ለረጅም ጊዜ ያዙት። የልጁ ቤት ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። እኔ ምን አገባኝ? ልጃቸው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ሦስት መርፌ ሰበርኩ።

በዚያው ሰሞን ለአነስተኛ ነጋዴዎች ጎባ ላይ ሥልጠና አለ ተባለና ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ከሱቁ ለመሸሽ ነው የሄድኩት። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር፣ ስስ ሸሚዝ ለብሶ። የጎባን ብርድ ማንም አልነገረውም መሰለኝ፤ «ገበያ ዛሬ በስልካችሁ ውስጥ ነው» እያለ ጥርሱ ይጋጫል። ስለ ዘፈንና ስለ ቀልድ ገጾች አይደለም የማወራው አለ፤ የሥራ ሰዎች የሚተዋወቁበት የባለሙያዎች ገጽ አለ፤ እዚያ ያልተመዘገበ ነጋዴ እንደሌለ ይቆጠራል። እጄን አወጣሁ።

«ፈረስ ያለው ሰው አለበት?»

አዳራሹ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፤ «ሁሉም ሰው አለበት፣ እህቴ» አለኝ።

ከጎባ ወደ ሮቤ በሚኒባስ ስመለስ ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር። ፈረስ ያለው ሰው ካገኘሁ ሥራ ይመጣል፤ ሥራ ከመጣ ጋሼ ለልጃቸው እውነቱን ነግረው ይቀራሉ። ከዚህ ሌላ ዓላማ አልነበረኝም። ነጋዴ ነሽ ካላችሁኝም በዚያ ወር አልነበርኩም።

ገጹን ከፈትኩ። ስም፣ ፎቶ፣ ከዚያ «የሥራ መደብዎ ምንድን ነው?» ይላል። «ልብስ ሰፊ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ የሮቤ ሰዎችን ስፈልግ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ከእኛ ሱቅ አራት በር አልፎ ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጠው ሰው «መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ሆኖ፣ ከረባት አስሮ፣ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። የሚያስፈጽመው ሥራ አንድ ሚዛንና አንድ ሰነፍ ድመት ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሽንኩርት አከፋፋዩ «የግብርና ግብዓት ትስስር ስትራቴጂስት» ሆኗል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች የሚባለው ለዚህ ነው። ስቄ ስጨርስ ቀናሁና «ልብስ ሰፊ» የሚለውን ሰርዤ «የፈረስ አልባሳት ባለሙያ» ብዬ ጻፍኩ። እኔስ ከማን አንሼ?

የጋሼን ኮርቻዎች ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። አንድ ወር ምንም የለም። ሁለት ወር። መልእክት አልመጣም እንዳልል ይመጣል፤ ኮርስ ልሽጥልሽ የሚል፣ ሕይወትሽን ልቀይርልሽ የሚል፣ ሥራ ካለሽ ቅጠሪኝ የሚል። አንድ ቀን አንድ ሊቢያ ያለ የሲሚንቶ መሐንዲስ «እንኳን ለአዲሱ ሥራሽ አደረሰሽ» ብሎ ላከልኝ። ይህን ለጋሼ አነበብኩላቸው፤ ሊስቁ ነው ብዬ።

አልሳቁም። «መለስሽለት?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ነው እኮ የሚያስልከው። ሰውዬው ቁልፍ ብቻ ነው የነካው።»

«ሰው በሩቅ አገር ሆኖ መልካም ሲመኝልሽ ዝም ትይዋለሽ? ጻፊ።» ወስፌያቸውን አስቀምጠው ያስጽፉኝ ጀመር። አከም ጅርታ፣ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው ወይ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ፣ ዝናቡ እናንተ ጋ እንዴት ነው፤ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ ገብሱ ጥሩ ይዟል፣ ስንዴውን ትንሽ ዋግ ነክቶታል። ሊቢያ ላለ የሲሚንቶ መሐንዲስ የባሌን የሰብል ሁኔታ ላክን። እሱም በሦስተኛው ቀን መለሰ! እናቱ ወገቧን እንደታመመች፣ እሱ ጋ ዝናብ የሚባል ነገር እንደሌለ ጻፈ። ጋሼ ለእናቱ ዱዓ አደረጉ። እስከ ዛሬ እንጻጻፋለን። ፈረስ የለውም።

ጥቅምት አለቀ፣ ኅዳር ገባ። ኮምባይነሮቹ ከታች ከቆላው በኩል እያጨዱ ወደ እኛ መውጣት ጀመሩ። ከሱቁ ፊት ለፊት ባለፉ ቁጥር ጋሼ ቀና ብለው ያዩዋቸዋል፤ እኔ ደግሞ ሾፌሮቹን በልቤ እረግማለሁ። ያን ጊዜ አሠልጣኙ ከተናገራቸው ነገሮች አንዱ ትዝ አለኝ። ሰው ዕቃህን የሚያምነው አንተ ስታወድሰው አይደለም፣ ደንበኛ ሲመሰክርለት ነው ብሎ ነበር። ምስክርማ ሞልቶናል! ለጋሪ ነጂውም፣ ለጎረቤቱም፣ ላገኘሁት ሁሉ «በገበያ ቀን ሱቅ ብቅ በሉ፣ ስለ ጋሼ ኮርቻ ትመሰክራላችሁ፣ ስልክ ላይ ይወጣል» አልኩ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፤ ምስክር የሚለውን ቃል ማን ፊት እንደተናገርኩት ረሳሁ። በእኛ የፈረስ ገበያ ሻጭ የፈረሱን ዐይብ፣ ማለትም ነውሩን፣ ሳይናገር ከሸጠ ፈረሱ ይመለስበታል፤ ኀፍረቱ ደግሞ ከፈረሱ ይበልጣል። ይራገጣል፣ ውሃ ይፈራል፣ ግራ ዓይኑ ደካማ ነው ብሎ መጀመሪያ ይናገራል። ለጋብቻ ሲጠያየቁም እንደዚያው ነው፤ ስለ ልጁ የተጠየቀ ጎረቤት ደጉንም ክፉውንም ያወጣል። ደጉን ብቻ የሚያወራ ሰው ደላላ ነው እንጂ ምስክር አይባልም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስልኩ አስረሳኝ።

የገበያው ቀን መጣ። መጀመሪያ የገባው ጋሪ ነጂው ነው፤ የጋሪውን ፈረስ በር ላይ አሰረና ኮፍያውን አውልቆ ፍርድ ቤት እንደገባ ሰው ቆመ።

«ወላሂ፣ ሃያ ዓመት በጋሼ ዕቃ ነድቻለሁ፤ አንድም ቀን የፈረሴን ጀርባ አላቆሰለም» አለ። እኔ በደስታ እጽፋለሁ። «ዐይቡን ደግሞ ልናገር» ሲል እጄ ቆመ። «ቀጠሮ አያከብሩም። ለልጄ ሠርግ ያዘዝኩትን ኮርቻ የሰጡኝ ልጄ ሁለት ልጅ ከወለደ በኋላ ነው።»

«ይሄን አልጽፈውም» አልኩት።

«እንግዲያው የፊቱንም ሰርዢው። ግማሽ አልመሰክርም።»

ቀጥለው ከገሰራ ገብስ ይዘው የመጡ አንዲት እናት ገቡ። በኦሮምኛ ነው የተናገሩት፤ ትርጉሙ ይህ ነው፦ «ኮርቻውን ያዘዘው ባለቤቴ ነበር። አላህ ይዘንለትና እሱ ሄደ፣ ኮርቻው ግን አለ፤ አንድ ጠፍር አልተበጠሰም። ዐይቡ ይከብዳል። ጎረቤት ሳልጠራ ፈረሱ ላይ መጫን አልችልም፤ ጎረቤቴ ደግሞ ወሬኛ ናት።» ሦስተኛው የጎን ጎረቤታችን ነው፣ ቅመም የሚሸጠው የጉራጌ ሰው። ፈረስ ነድቶም ጋልቦም አያውቅም፤ እሱ ግን እንዳይቀርበት መጣ። «በእኔ በኩል ኮርቻው እንከን የለውም» አለ፤ «ሱቁ ግን አለው። ግላስ ሰፊዋ ትቆጣለች። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ከእሷ ሸሽቶ እኔ ሱቅ ገብቶ፣ ወጥ ሳያምረው በርበሬ ገዝቶ ወጥቷል።»

ጮኽኩ፤ ምን እደብቃለሁ። «እኔ የጠራኋችሁ እንድታመሰግኑ ነው! ገበያ ላገኝ ነው የምለፋው!» አልኩ። ሰዎቹ ተያዩ። ቅመም ሻጩ በጣቱ እያመለከተኝ «ይኸው፣ ምስክር አያስፈልገኝም» አለ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ፤ የገሰራዋ እናት ግድግዳ ይዘው ሳቁ። ጋሼም ሳቁ። ለልጃቸው እሺ ካሉ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት የመጀመሪያው ቀን ነበር። እኔም ሳልወድ በግድ ሳቅኩ።

ሲሄዱ ግን ዐይቡን ዐይቡን እየቆረጥኩ ልለጥፍ ስል ጋሼ አዩኝ። «ኢንተለ ቲያ፣ የሰው ምስክርነት ጨርቅ አይደለም፣ አይቆረጥም። ወይ እንዳለ አውጪው ወይ ተዪው።» በንዴት እንዳለ አወጣሁት። የሦስቱን ቃል አንድም ፊደል ሳልቀንስ፣ ከሥሩም የኮርቻውን ፎቶ ጨምሬ ለጠፍኩና «ደስ አለዎት?» አልኳቸው። ደስ ብሏቸዋል።

በማግስቱ ስልኬ እረፍት አጣ። ያየው ሁሉ የሚስቅ ፊት ይለጥፍበታል፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቆርቆሮ ሻጭ ራሱ ሱቃችን ድረስ መጥቶ «ምን ነካሽ?» አለኝ። አሠልጣኙ የውስጥ መልእክት ላከ፦ «እህቴ፣ ይህን ቶሎ አጥፊው፣ የንግድ ስምሽን እያበላሸሽ ነው።» ላጠፋው ነበር፤ ጣቴን አስጠግቼ ተውኩት። የገሰራዋ እናት ዓይን ታየኝ መሰለኝ። ሰው ሥራውን ትቶ መጥቶ፣ ስለ ሟች ባሏ አንስቶ፣ እውነቱን ሰጥቶኝ እኔ በአንድ ጣት ማጥፋቱ አልሆንልሽ አለኝ።

በሳምንቱ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ሴት ናት፤ ፈጣን፣ እንደ እኔው ቆጣ የምትል። ጎብኚዎችን በፈረስ ተራራ የማወጣ ነኝ አለች። ሰላምታም አላበዛችም።

«ጀርባ አያቆስልም ያለው ጋሪ ነጂ እውነተኛ ሰው ነው ወይስ ፈጠራሽ ነው?»

«እውነተኛ ነው። ፈረሱ የሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሞ ፋንድያ ጣለብኝ፤ ጠርጌዋለሁ።»

ሳቀች። ከከተማ የገዛቻቸው ኮርቻዎች ፈረሶቿን ሁሉ ጀርባቸውን ልጠዋቸዋል። አሥራ ሁለት ፈረስ አላት፤ ግማሾቹ ሥራ አቁመዋል። ያናገረቻቸው ሻጮች ሁሉ ዕቃችን እንከን የለውም አሏት። እንከን የለውም የተባለው ነው ይህን ያደረገባት፤ ስለዚህ እንከኑን ቀድሞ የተናገረ ሰው ስታገኝ ጊዜ ደወለች።

«ፈረሶችሽ የት ናቸው?» አልኳት፤ ላሊበላ ወይም ሰሜን ተራሮች ትላለች ብዬ።

«ዲንሾ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ዲንሾ እኮ ከእኛ ሱቅ ፊት ለፊት በሚነሣ ሚኒባስ ይኬዳል፤ የጀመራችሁትን ወሬ ሳትጨርሱ ትደርሳላችሁ። ቃላችን ሮቤ ተነሥቶ፣ የት የት ዞሮ፣ ሊቢያን ሁሉ አዳርሶ የደረሰው ጎረቤታችን ዘንድ ነው። እሷ አዲስ አበባ እየተቀመጠች ስልክ ላይ ትፈልጋለች፤ እኔ ሮቤ ተቀምጬ ስልክ ላይ እፈልጋለሁ፤ ፈረሶቿ መንገድ ዳር ቆመው ይግጣሉ። ስልኩ ባይኖር ግን አሥር ዓመት በአጠገባቸው ባለፍኩ ነበር፤ ይህንንም እመሰክራለሁ። ዛሬ የሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ «ያ ገጽ ይጠቅማል ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ያንኑ የድሮውን አባባል ነው የምነግረው፦ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። ደጃፏ ድረስ አደረሰን። የተዋጉልን ጋሪ ነጂውና የገሰራዋ እናት ናቸው።

ጋሼን ይዤ ዲንሾ ወጣሁ። ሴትዮዋም ከአዲስ አበባ መጥታ ጠበቀችን። ጋሼ ሰላምታውን ከከብት እስከ ዝናብ በወጉ ከጨረሱ በኋላ መጀመሪያ የተናገሩት «እኔ ቀጠሮ አላከብርም» ነው። እሷም «አንብቤያለሁ» አለች። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ፈረስ ቀርበው መዳፋቸውን ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ቀስ አድርገው አወረዱ። ቁስሉ አጠገብ ሲደርሱ የፈረሱ ቆዳ ተንቀጠቀጠ፤ የእሳቸውም ፊት ተንቀጠቀጠ። አሥራ ሁለቱንም እንዲህ ዳሰሱ። እሷ አላቋረጠቻቸውም፤ እኔም አፌን ይዤ ቆምኩ፣ ያውም ለሦስት ሰዓት። አሥራ ሁለት ኮርቻ በጋሼ ፍጥነት ሁለት ዓመት ማለት ነው። ይህን ሳስብ በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ።

በሚኒባሱ ስንመለስ «ታዲያ ለልጅዎ ይደውሉለታ፣ ሥራ አለብኝ ይበሉት» አልኳቸው።

«እሺ ብዬዋለሁ» አሉ። «ቃል ነው። ሥራ መጣ ተብሎ ቃል አይታጠፍም፤ የሰጠሁትን መልሶ ሊሰጠኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ አልጠይቀውም።»

«እኔ ልጠይቀው?»

«አንቺም አትጠይቂውም።»

ስለዚህ ያን ሁሉ ሥራ አግኝተን ምንም አላገኘንም ማለት ነው። ጋሼ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሱቅ እየገቡ፣ በሕይወቴ አይቼው በማላውቀው ፍጥነት ይሠሩ ጀመር፤ ከመሄዳቸው በፊት የቻሉትን ያህል ሊያደርሱላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠሮ ሲያከብሩ አየሁ፤ አላስደሰተኝም። እኔም ግላስ በግላስ ላይ ሰፋሁ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ዘርፍ እያደረግኩ። የመጨረሻዎቹ ኮምባይነሮች መንገዱን ሞልተው ሲያልፉ አራት ኮርቻ አልቆ ነበር።

ልጁ በተባለው ቀን መኪናውን ይዞ መጣ። ጋሼ ግን የሉም፤ አራተኛውን ኮርቻ ፈረሱ ላይ ለክተው ሊሰናበቱ ከትናንት ጀምሮ ዲንሾ ናቸው። ልጁ ከአዳማ ሲመጣ በዚያው አልፏል። «አባትህን በመንገድ ዳር ጥለሃቸው መጣህ» አልኩት፤ ልጣላው ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መደወል ነበረብኝ» አለ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ? መኪናው ውስጥ ገብቼ ወደ ዲንሾ መራሁት። በመንገድ ላይ ምንም አልጠየቅኩትም። ምላሴን በጥርሴ ይዤ ነው የሄድኩት።

ስንደርስ ጋሼ ሜዳው መሐል ናቸው። ኮርቻው ተጭኖ፣ ጠፍሩን እያጠበቁ፣ ለፈረሱ በኦሮምኛ ያወሩለታል። ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ሳሙት፣ ከዚያም ጊዜ ሳያጠፉ የፈረሱን ገመድ እጁ ላይ አኖሩት። «ያዝልኝ» አሉት። ልጁ በተወለወለ ጫማው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ያዘ። አንዱን ፈረስ ለክተው ሌላውን ያመጡለታል። «ይሄኛው ያኮርፋል፣ ከፊት ለፊቱ አትቁም። ይቺ ደግሞ ዓመለ ሸጋ ናት፣ ግን ስኳር ካየች ኪስ ትቀድዳለች።» በመካከሉ አንዱ ፈረስ የልጁን ኮሌታ በጥርሱ ያዘበት፤ ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ፣ ልጁም ሳቀ፣ ሳቃቸው አንድ ዓይነት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

በመጨረሻ ጋሼ እግራቸውን እርካቡ ላይ አደረጉና ወጡበት። ኮርቻው እንዴት እንደሚቀመጥ ልሞክር ነው አሉ። ሜዳውን በዝግታ አንድ ዙር ዞሩ፤ ሁለተኛውን ፈጠን አሉ፤ ሦስተኛው ላይ ነጭ ሽርጣቸው ከኋላ ይውለበለብ ነበር። በደስታ ጮኽኩ፣ እልል አልኩ። ልጁን ዞሬ ሳየው ገመድ የሌለበት እጁን ገመድ እንደያዘ ጨብጦት ቆሟል። «ሲጋልቡ አይቼ አላውቅም» አለ። «ከተወለድኩ ጀምሮ የማያቸው ቆዳ ላይ አጎንብሰው ነው።»

ሲመሽ «ተነሡ እንሂድ» የሚል ሰው አልነበረም። ልጁ ለአባቱ «ዛሬ እዚህ ይደሩ፣ ደክሞዎታል» ብሎ ብቻ፣ እኔን ሊያደርሰኝ ወደ ሮቤ ነዳ። ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋና ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። የኋላ መቀመጫው ላይ ወፍራም አዲስ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ትራስ አለ፣ ብርድ ልብስ አለ፣ በጎኑ ውሃና ተምር በፌስታል ተቀምጧል። ለአባቱ መንገድ ያዘጋጀው ነበር። አንድ በአንድ አወጣቸው።

«ዲንሾ ብርድ ነው፤ ነገ ውሰጂላቸው» አለኝ። «ቃልዎን መልሼልዎታለሁ ብሏል በያቸው።»

«ራስህ አትነግራቸውም?»

«ፊታቸው ቆሜ ልንገራቸው ካልኩ አልችልም፤ ይዣቸው እሄዳለሁ።»

ፍራሹን ከእጁ ተቀበልኩት።